ስሙን እናውቀዋለን፣ ሰውየውን ግን አናውቀውም

የዚህ የመገናኛ በዓል መጽሔት አዘጋጆች ከሐኪሞቹ አንድ ጽሑፍ እንፈልጋለን ብለው ሲደውሉልኝ ስለ ሙያዬ የምጽፍ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ስለ አንድ የሒሳብ ሰው ልነግራችሁ ነው። ሐኪም አልነበረም፣ አገራችንንም አያውቃትም። ሆኖም ከመካከላችን ዳታ ሰብስቦ የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራ ሁሉ ስሙን ቢያንስ አንድ ጊዜ አይቶታል።

ሬዚደንት ሳለሁ ቀን ዋርድ ውዬ ማታ ማታ ዳታዬን በኤስፒኤስኤስ እሠራ ነበር። የሎጂስቲክ ሪግሬሽኑ ውጤት በወጣ ቁጥር ከሰንጠረዡ መሀል አንድ ዓምድ ይመጣል፤ ከላዩ ዋልድ የሚል ተጽፎበታል። እኔና የዶርም ጓደኛዬ ወልድ እያልን እያነበብነው እንስቅ ነበር። ቁጥሩ ሲተልቅ ፒ ቫልዩው እንደሚያንስ ስለገባን ሌላ ነገር አልጠየቅንም። አማካሪያችንም የቴስት ስም ነው ብሎ አለፈው። ዋልድ ሰው ይሁን ምህጻረ ቃል ሳላውቅ ጽሑፌን ተከላክዬ ተመረቅኩ።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔም አስተማሪ ሆኜ፣ የአንድ ባልደረባችንን የደረጃ እድገት ከሚያዩት ሰዎች መካከል ተቀመጥኩ። ሰውየው ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳት እናት ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሚደረግ የሚያሳየውን፣ ዋርዳችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት የጻፈ ነው። ከሌላ ቦታ የሚመጡ ሐኪሞች በስልካቸው ፎቶ እያነሱ ይወስዱታል። ፋይሉ ውስጥ ግን ይኼ አልነበረም። የነበሩት ጥቂት ጽሑፎች ናቸው፣ በሌሎች የተጠቀሱትም ጥቂት ጊዜ ነው። ሳይቴሽኑን ደመርን፣ አነሰ፣ ለጊዜው ይቆይ አልን። ይቆይ ብለው እጃቸውን ካነሱት አንዷ እኔ ነኝ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም፤ ሳይቴሽን ምን እንደሚቆጥርና ምን እንደማይቆጥር ማንበብ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው ከዋልድ ጋር በደንብ የተዋወቅነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አብርሃም ዋልድ የተወለደው ኦክቶበር 31 ቀን 1902፣ ያኔ በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት ሥር በነበረችው በኮሎዥቫር ከተማ ነው። ዛሬ ክሉዥ ትባላለች፣ የሮማኒያ ናት። ቤተሰቡ ሃይማኖቱን አጥባቂ የአይሁድ ቤተሰብ ነበር። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነው። የከተማው ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚያስተምር፣ ለነሱ ደግሞ ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ፣ ልጁ ቤት ውስጥ ተማረ፤ ያስተማሩትም የገዛ ቤተሰቦቹ ናቸው። ከዚያ በከተማው ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1927 ወደ ቪየና ሄደ። በ1931 በካርል ሜንገር ሥር ዶክትሬቱን አገኘ።

ሜንገር በየጊዜው የሚያዘጋጀው የሒሳብ ሰዎች ስብሰባ ነበር፤ ኩርት ጎደልን የመሳሰሉ ሰዎች ይካፈሉበታል። ዋልድ እዚያ ከዋነኞቹ አንዱ ሆነ። ይሁንና በዚያ ዘመን ቪየና ውስጥ አይሁዳዊ ሆኖ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ማግኘት የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ የሚበላውን ለማግኘት ለካርል ሽሌዚንገር፣ ለአንድ የባንክ ሰው፣ ሒሳብ ያስጠና ጀመር። ሽሌዚንገር ኢኮኖሚክስ ይወድ ነበርና በነሱ ጨዋታ ምክንያት ዋልድ ወደ ኢኮኖሚክስ ገባ። አንድ ገበያ ውስጥ ያሉ ዋጋዎች ሁሉ እርስ በርስ ሊመጣጠኑ እንደሚችሉ በጥብቅ ሒሳብ ያረጋገጠባቸውን ጽሑፎች ያወጣው በዚያን ጊዜ ነው። ኦስካር ሞርገንስተርንም በሚመራው የኢኮኖሚ ጥናት ተቋም ሥራ ሰጠው።

በማርች 1938 የናዚ ጦር ኦስትሪያ ገባ። ሽሌዚንገር በዚያው ሰሞን የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ዋልድ ከአሜሪካው ካውልስ ኮሚሽን ጥሪ ስለደረሰው በዚያው ዓመት ክረምት ላይ አመለጠ። ከኮሎራዶ ብዙም ሳይቆይ ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ፤ የተቀበለውም የስታቲስቲክሱ ሊቅ ሃሮልድ ሆቴሊንግ ነበር። ዋልድ ስታቲስቲክስን በወጉ የተማረው ያኔ ነው፣ ዕድሜው ከ35 ካለፈ በኋላ። አርጅቻለሁ እያላችሁ ሁለተኛ ዲግሪ ለመጀመር የምታመነቱ ካላችሁ ይቺን ልብ በሉልኝ።

በ1941 አገባ። በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ እኔ በየማታው የማየውን ዓምድ የወለደውን ጽሑፍ አሳተመ። የ1943ቱ ጽሑፍ ሐሳቡ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ አንድን ግምት ብቻውን አትመነው፤ ከገዛ ስህተቱ ስፋት ጋር አስተያየው። ግምቱ ከስህተቱ ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ አይተህ በራሱ አባዛው፣ በቃ። ሲጋራ ማጨስ ወይም የደም ግፊት ለበሽታው አስተዋጽኦ አለው ወይስ የለውም ብለን ስንጽፍ የምንደገፈው በዚህ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ ኮሎምቢያ ውስጥ ለአሜሪካ ጦር የሚሠራ የስታቲስቲክስ ቡድን ተቋቋመ። መሪው አለን ዋሊስ ነበር፤ በኋላ በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘው ሚልተን ፍሪድማንም እዚያ ነበር። በ1943 አንድ ጥያቄ ከባሕር ኃይል መጣ። አዲስ ጥይት ሲፈተን ብዙ ሺህ ይተኮሳል፤ ልምድ ያለው መኮንን ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ይኼ የማይረባ ነው ወይም ደህና ነው ብሎ ማወቅ ይችላል። ታዲያ እስከ መጨረሻው መተኮስ ለምን ያስፈልጋል? ዋሊስና ፍሪድማን ተነጋገሩበትና ለዋልድ ሰጡት። መጀመሪያ ብዙም አልተዋጠለትም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን እንደሚቻል፣ እንዴት እንደሚቻልም ደውሎ ነገራቸው።

ዘዴው ሲኩዌንሻል አናሊሲስ ይባላል። ናሙናህ ተሰብስቦ እስኪያልቅ አትጠብቅ። አንድ አንድ እያልክ መርምር። ከእያንዳንዱ በኋላ ሦስት መንገድ አለህ፦ ተቀበል፣ ጣል፣ ወይም አንድ ጨምር። መቼ እንደምታቆም የሚወስኑት ሁለት ወሰኖች ናቸው፤ እነሱም ገና ሳትጀምር፣ ምን ያህል መሳሳት እችላለሁ ብለህ በቆረጥከው ልክ ይሰመራሉ። በዚህ መንገድ የሚያስፈልገው የምርመራ ብዛት በአማካይ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የጦሩ ሰዎች ይኼን ሲያዩ ሪፖርቱን ምስጢር አደረጉት። ዋልድ ከጠላት አገር የመጣ ስደተኛ ተብሎ የተመዘገበ ስለነበር የጻፈውን ገጽ ጸሐፊዎቹ ከእጁ እየነጠቁ ይወስዱበታል፣ የራሱን ሥራ የማንበብ ፈቃድ የለውም እየተባለ ይቀለድ ነበር አሉ። ሥራው ለሁሉ የወጣው በ1945 ነው፤ መጽሐፉ በ1947 ታተመ።

በዚያው ቡድን የሠራውን ሌላ ሥራ ብዙዎቻችሁ ከነሥዕሉ አይታችሁት ይሆናል፤ ቀይ ነጥብ የሞላበት የአውሮፕላን ሥዕል። ሥዕሉ በኋላ ለማስረጃ የተሳለ ነው። ዋልድ የጻፈው ቀመር የሞላባቸው ስምንት ማስታወሻዎች ነው። ጥያቄው ይኼ ነበር፦ ከውጊያ የተመለሱ አውሮፕላኖች የት የት እንደተመቱ ይታያል፤ ያልተመለሱት የት እንደተመቱ ግን አይታይም። ታዲያ የትኛው ክፍል ነው ብረት የሚጨመርለት? ዋልድ ለምሳሌ ያህል 400 አውሮፕላን ወሰደ። 320 ሳይመቱ ተመለሱ፣ 32 አንድ ጊዜ፣ 20 ሁለት ጊዜ፣ 4 ሦስት ጊዜ፣ 2 አራት ጊዜ፣ 2 አምስት ጊዜ ተመትተው ተመለሱ። ደምሩት፣ 380 ይመጣል። የዋልድ ሐሳብ ያለው በጎደሉት 20ዎቹ ላይ ነው። በተመለሱት ላይ ጥይት የማይታይበት ክፍል ምናልባት ያልተመታ ሳይሆን፣ እዚያ የተመታ ስለማይመለስ ሊሆን ይችላል። በዝንባሌ አልተናገረም ታዲያ። ምን ምን እንደገመተ ግልጽ አድርጎ ጽፎ ነው የእያንዳንዱን ክፍል አደጋ ያሰላው። ማስታወሻዎቹ ለሰፊው አንባቢ እንደገና የተባዙት በ1980 ነው፣ እሱ ከሞተ ከ30 ዓመት በኋላ።

እሱ ኒው ዮርክ ሆኖ ይኼን ሲያሰላ የራሱ ሰዎች ክሉዥ ነበሩ። በ1944 የከተማዋ አይሁዶች በባቡር ተጭነው ወደ አውሽዊትዝ ተወሰዱ። ወላጆቹን ጨምሮ ቤተሰቡ አለቀ፤ የተረፈው ኸርማን የሚባል ወንድሙ ነበር፣ እሱንም በኋላ ወደ አሜሪካ አስመጣው። ይኼን ካነበብኩ በኋላ ያልተመለሱትን ቁጠሩ የሚለውን የዋልድን ሐሳብ እንደ ሒሳብ ብቻ ማንበብ አቃተኝ።

ከጦርነቱ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት የመኸር ዓመታት ነበሩ። በ1946 ኮሎምቢያ ውስጥ የሒሳብ ስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል ሲቋቋም የመራው ዋልድ ነው። በ1948 ከወዳጁ ከጄኮብ ቮልፎዊትዝ ጋር፣ ያ ተኩስ የማቆም ዘዴ ተመሳሳይ ስህተት ከሚፈቅዱ ፈተናዎች ሁሉ በአማካይ ጥቂት ምርመራ የሚጠይቀው መሆኑን አረጋገጡ። በ1950 ስለ ውሳኔ አሰጣጥ የጻፈው ትልቁ መጽሐፉ ወጣ። ውጤቱ እርግጠኛ ባልሆነበት ነገር ላይ ደረጃ በደረጃ እየወሰኑ የተሻለውን መፈለግ ዛሬ ስቶካስቲክ ኦፕቲማይዜሽን የሚባለው ሰፊ መስክ ነው፤ መሠረቱን ከጣሉት ሰዎች አንዱ ዋልድ ነው።

በዚያው ዓመት የሕንድ መንግሥት ንግግር እንዲያደርግ ጋበዘው፤ ከባለቤቱ ጋር ሄደ። ዲሴምበር 13 ቀን 1950 የተሳፈሩበት የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን ደቡብ ሕንድ፣ ኒልጊሪ ተራሮች ላይ ተከሰከሰ። ሁለቱም ሞቱ። ዋልድ 48 ዓመቱ ነበር። አሜሪካ የቀሩት ሁለት ሕፃናት በአንድ ቀን አባትም እናትም አጡ። ሦስት ዓመቱ የነበረው ወንዱ ልጅ፣ ሮበርት ዋልድ፣ አድጎ በስበት ኃይል ጥናት ስመ ጥር ፊዚሲስት ሆነ።

ሥራው ግን ቀጠለ። በ1951 ኸርበርት ሮቢንስና ሰተን ሞንሮ፣ ልኬቱ ሁልጊዜ የሚዋዥቅን ነገር በትንንሽ እርምጃ እያስተካከሉ ወደ ትክክለኛው ነጥብ የሚደርሱበትን መንገድ አወጡ። እኛ ሐኪሞች የኢንሱሊን መጠን ከስኳሩ ልኬት እያየን ከፍ ዝቅ እንደምናደርገው ያለ ነው። በ1952 ቮልፎዊትዝና በኮሎምቢያ ተማሪ የነበረው ጃክ ኪፈር ያንኑ መንገድ ከፍተኛውን ነጥብ ለመፈለግ አዋሉት። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉት ማሽኖች የሚሠለጥኑት ከዚህ ዘር በመጣ ስሌት ነው።

ወደኛ ቤት ልምጣ። አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ሲሞከር መሀል ላይ ውጤቱን የሚያይ ገለልተኛ ቡድን አለ። መድኃኒቱ ጎጂ ከሆነ፣ ወይም በግልጽ የሚያድን ከሆነ፣ ጥናቱን ያስቆማል። መቼ እንደሚያስቆም አስቀድሞ ወሰን ይሰመራል፤ እንዲያው በየጊዜው እያዩ ደስ ሲል ማቆም ወደ ስህተት ይወስዳልና። ይኼ አሠራር የመጣው ከዋልድ ሐሳብ ነው፣ ሌሎች ለሕክምና እንዲስማማ አድርገው አሻሽለውት። ሌላም አለ። እንግሊዝ አገር ሃሮልድ ሺፕማን የሚባል ሐኪም ሕሙማኑን ይገድል ነበር። በ2000 በ15 ግድያ ተፈረደበት፤ ቀጥሎ የተደረገው ምርመራ 215 የተገደሉ ሰዎችን ለየ። በ2003 ዴቪድ ስፒገልሃልተርና ባልደረቦቹ የዋልድን ዘዴ በሟቾቹ ቁጥር ላይ ሞከሩት። እንዲህ ያለ ክትትል ቢኖር ኖሮ ማንቂያው ሰውየው ከመያዙ ዓመታት አስቀድሞ ሊጮህ ይችል እንደነበር አሳዩ። ጥይት ለመፈተን የወጣ ሒሳብ፣ ሕሙማን የሚጠበቁበት ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ የዚህን ሰው ሳይቴሽን እንቁጠር ብንልስ? ዩጂን ጋርፊልድ ማን ማንን ጠቀሰ የሚለውን መዝገብ ማሳተም የጀመረው በ1964 ነው፤ ዋልድ አላየውም። ኤች ኢንዴክስ የመጣው በ2005 ነው። ዋልድ ዛሬም በብዛት ይጠቀሳል፣ አይካድም። ነገር ግን ከሥራው ስፋት ጋር ሲተያይ መዝገቡ የያዘው ጥቂቱን ነው። እኔን ራሴን ውሰዱ። መመረቂያ ጽሑፌ ላይ በዋልድ ቴስት ተጠቅሜያለሁ፤ ዋቢ ያደረግኩት ግን ሶፍትዌሩንና ስንተኛው ቨርዥን እንደሆነ ነው። የ1943ቱን ጽሑፍ ዋቢ ያደረገ የባቻችን ልጅ አላስታውስም። በዚያው በኮሎምቢያ ያስተምር የነበረው ሶሲዮሎጂስት ሮበርት መርተን ይኼን ነገር አስተውሎታል፦ አንድ ሐሳብ የሁሉ ሀብት ሲሆን ባለቤቱ ይረሳል፣ ስሙን መጥቀስም ትርፍ ነገር ይመስላል። ዋልድ ዕድለኛ ነው፣ ቢያንስ ስሙ ዓምዱ ላይ ቀርቷል። ስማቸው እንኳ ያልቀረ ስንት አሉ!

ከዚህ ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ነው ይኼን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ሳይቴሽን ማለት ተመልሰው ያረፉት አውሮፕላኖች ናቸው። መዝገቡ በሚያውቀው ጆርናል፣ መዝገቡ በሚያውቀው ቋንቋ የታተመው ይቆጠራል። ቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣው የመመረቂያ ጽሑፍ አይቆጠርም። በአማርኛ የተጻፈ የአዋላጆች መማሪያ አይቆጠርም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀትም አይቆጠርም። እኛ ታዲያ የተመለሱትን ብቻ አይተን የማን ሥራ እንደሚረባና እንደማይረባ እንፈርዳለን።

አንዳንዶቻችሁ ይኼ ለማይጽፍ ሰው ሁሉ ሰበብ ይሆናል ልትሉ ትችላላችሁ። እኔም ፈርቼዋለሁ። ያልተጠቀሰ ሁሉ የተደበቀ ዕንቁ አይደለም፤ ብዙው ያልተጠቀሰው ስለማይረባ ነው። ዋልድም የጎደለው ሁሉ ሞተሩ ላይ ነው የተመታው ብሎ በጭፍን አልደመደመም። የጎደለውን ገመተ፣ ግምቱን አስቀመጠ፣ አሰላ። እኛም የሚጠበቅብን ይኸው ነው፦ ይኼ ሥራ ጥቅም ቢኖረው ኖሮ የት ይታይ ነበር ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም እዚያ ቦታ ሄዶ ማየት። በባልደረባችን ጉዳይ ይኼን ማድረግ ከባድ አልነበረም። ዋርዱ ከስብሰባው ክፍል የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። የእናቶች ሞት መዝገብም እዚያው አለ። ከወረቀቱ በፊትና በኋላ ያለውን አስተያይተን ማየት እንችል ነበር። አላየንም። እኔም አላየሁም።

ሄጄ ነገርኩት፣ በማዕረጉ ዶክተር ብዬ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀና ሻይ ጋበዘኝ። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ከወረቀቱ ጋር፣ ወረቀቱን ከወሰዱት ሐኪሞች የተጻፉ ደብዳቤዎችን አያይዘን አቀረብን። እኔም የራሴን እጅ በሌላ በኩል አነሳሁ። ውሳኔው ይኼ መጽሔት ማተሚያ ቤት እስኪገባ አልወጣም።

ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁ ሰንጠረዥ ይዘው ሲመጡ፣ ይኼ ስም የማን ነው ብለው ቢጠይቋችሁ የቴስት ስም ነው ብላችሁ አታልፉት። አምስት ደቂቃ ስጡትና ስለ ዳቦ ጋጋሪው ልጅ ንገሯቸው። ለባቾቼም እንዲሁ፤ በየሄዳችሁበት አገር፣ በየክሊኒኩና በየወረዳው የሠራችሁትን፣ ማንም ያልጠቀሰላችሁን ነገር፣ ለበዓሉ ስትመጡ ይዛችሁልን ኑ። ወረቀትም ይሁን ፎቶ። መጥተው ያላረፉትንም መቁጠር እንጀምር።

በሰላም ያገናኘን።